የአእምሮ ሕመምተኛም ሥጋ አለው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየአድባራቱና በየገዳማቱ የሚያገለግሉ ካህናት ከምእመናን አፍ አዘውትረው የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ ከሰው መነጠል ጀምሯል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ብቻውን ይናገራል፤ ወይም በድንገት ይወድቅና አረፋ ይደፍቃል። እናቲቱም «አባቴ፥ ይህ ነገር የመንፈስ ነው ወይስ የሥጋ?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ከጭንቅ የወጣ ነውና አይናቅም። የልጁም መንገድ በመልሱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የመንፈስ ነው ከተባለ ወደ ጸበል ብቻ፥ የሥጋ ነው ከተባለ ወደ ሐኪም ብቻ ይወሰዳልና። ነገር ግን ይህ ጥያቄ አንድ የሆነውን ሰው ለሁለት ይከፍለዋል፤ በመክፈሉም ምክንያት የሚሞቱ ሰዎች አሉ። ዛሬ ለመናገር ያሰብሁት ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን ሊቃውንት ሰው በሰባት ባሕርያት የጸና ፍጥረት መሆኑን ሲያስተምሩ ኖረዋል። አራቱ የሥጋ ባሕርያት መሬት፥ ውሃ፥ ነፋስና እሳት ናቸው፤ ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ደግሞ ልባዊነት፥ ነባቢነትና ሕያውነት፥ ማለት ማሰብ፥ መናገርና በሕይወት መኖር ናቸው። ይህን በልጅነታችን በየኔታ ፊት ያጠናን ሁሉ ቍጥሩን እናውቀዋለን፤ የምንዘነጋው ግን ሰባቱ ተቈጥረው ሲያበቁ «አንድ ሰው» መባሉን ነው። ዱቄትና ውሃ አንድ ጊዜ ከተቦካ በኋላ ውሃውን ለብቻ፥ ዱቄቱን ለብቻ የሚያወጣ ባለሙያ የለም። ሊጡ ቢበላሽም ሁለቱም በአንድነት ይበላሻሉ።

አቡሊናርዮስ የተባለው መምህር፥ ጌታችን ሥጋን ነሣ እንጂ የሰውን ልቡና አልነሣም ብሎ ባስተማረ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች ትምህርቱን አወገዙት። መድኃኒታችን የሰውን ግማሽ ሊያድን አልመጣምና። ሰው ሆኖ ሥጋንም ነፍስንም ልቡናንም ገንዘብ ካደረገ፥ በአልጋ ላይ ወይም በጸበል ቦታ ወድቆ የምናየው ሕሙምም ሦስቱን ሁሉ የያዘ ሰው ነው።

ሥጋ ሲታመም አእምሮ እንደሚናወጥ ለማወቅ ብዙ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ተስቦ የያዘው ሰው ትኵሳቱ ሲበረታ ሲቃዥ፥ የወለዳቸውን ልጆች ሳያውቃቸው ቀርቶ ከአልጋው ተነሥቶ ሊሮጥ ሲታገል ያየ በመካከላችን ብዙ ነው። ወባም ወደ አንጐል ሲወጣ ትናንት ጤነኛ የነበረውን ገበሬ ዛሬ እንደ እብድ ያደርገዋል። ቈላ ወርዶ የተመለሰውን ሰው «ጋኔን ለከፈው» እያሉ ከቦታ ወደ ቦታ ሲያዞሩት መድኃኒቱ ሳይደርስለት ይሞታል። ይህ በሽታ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ትኵሳት ይዞት የሚቀባጥር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ጸሎቱ በመንገድም ይጸለያል።

በደጋው አገራችን እንቅርት ብዙ ነው። እንቅርት የአንገት መልክ መለወጥ ብቻ አይደለም። በአንገት ውስጥ ያለችው እጢ ሥራዋን ለመሥራት አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ትፈልጋለች፤ ያን ስታጣ ታብጣለች። ከእርሷ የሚመነጨው ቅመም ሲያንስ ሰውየው ብርድ ይበዛበታል፥ ይደክመዋል፥ ይረሳል፥ ነገሩ ሁሉ ይዘገያል፥ ያለ ምክንያትም ያዝናል። ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል፤ ሌላውም «መተት ተደርጎበታል» ይላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እርጉዝ ሴት አዮዲን ስታጣ በማኅፀን ያለው ሕፃን አንጐል ሳይጐለምስ መቅረቱ ነው። አዮዲን ያለበትን ጨው ገዝቶ መመገብ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በሌላው ዓለም የሆነውንም እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ፔላግራ የሚባል በሽታ በድኾች ላይ በዛ። ቆዳን ይልጣል፥ ተቅማጥ ያመጣል፥ በመጨረሻም አእምሮን ያናውጣል፤ ስለዚህ የአእምሮ ሕሙማን የሚጠበቁባቸው ቤቶች በእነዚህ ሰዎች ተሞልተው ነበር። ብዙዎች ተላላፊ በሽታ ነው ይሉ ነበር። በ1914 መንግሥት የላካቸው ዶክተር ጆሴፍ ጐልድበርገር ግን ወደነዚያ ቤቶች ገብተው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሕሙማኑን ሌትና ቀን የሚያስታምሙት ሠራተኞች በበሽታው አይያዙም ነበር። ልዩነቱ በገበታ ላይ ተገኘ። የሕሙማኑ ምግብ በቈሎ የበዛበት ነበርና፥ ወተት፥ ሥጋና ጥራጥሬ በተጨመረላቸው ጊዜ በሽታው ሸሸ። በ1937 ደግሞ የጐደለው ኒያሲን የተባለው ቪታሚን መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ የእብድ ስም ተሰጥቶት፥ በር ተዘግቶበት፥ በእውነቱ ግን ምግብ ጐድሎት የሞተው ሰው ስንት ይሆን?

በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ሌላ ብርቱ ሕመም ነበረ። የተከበረና አስተዋይ የነበረ ሰው በጐልማሳነቱ ጠባዩ ይለወጣል፥ ያለ ልክ ይታበያል፥ ገንዘቡን ይበትናል፥ በመጨረሻም ሽባ ሆኖ ይሞታል። በ1913 ሂዴዮ ኖጉቺ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ በኒው ዮርክ ከሥራ ባልደረባቸው ጋራ ሆነው የቂጥኝን ተሕዋስ በነዚህ ሙታን አንጐል ውስጥ አገኙ። ሰዎቹ ከብዙ ዓመት በፊት የያዛቸው በሽታ ነበር አእምሮአቸውን የበላው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፔኒሲሊን ሲገኝ ይህ እብደት ከየሆስፒታሉ እየጠፋ ሄደ።

አሁን ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት ወደምፈልገው ወደሚጥለው በሽታ ልመለስ። ሥጋ፥ አንጐልና የሰው ፍርድ እንደዚህ የተቈላለፉበት ሌላ ሕመም አላውቅምና።

ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ በ4ኛው ምዕራፍ ወደ ጌታችን የቀረቡትን ሕሙማን ሲቈጥር፥ አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፥ የሚጥላቸውን ለብቻ፥ ሽባዎቹንም ለብቻ አድርጎ ጽፏል። ቀራጭ የነበረ ነውና መቍጠር ያውቃል፤ ሁሉን በአንድ መዝገብ አላገባም። በ17ኛው ምዕራፍ ጌታችን ከአንድ የሚጥለው ልጅ ጋኔን እንዳወጣ ተጽፏል ብሎ የሚሞግተኝ ይኖራል፤ እውነት ነው፥ ተጽፏል። ነገር ግን እርሱ በልጁ ውስጥ ያለውን አይቶ አዘዘ። እኛ ሳናይ በሌላው ሰው ልጅ ላይ መፍረድን ከማን ተማርን? ከዚያ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን የአባትየው እሮሮ ነው፤ ልጁ ብዙ ጊዜ በእሳት ላይ፥ ብዙ ጊዜም በውሃ ውስጥ እንደሚወድቅ በልቅሶ ይናገራል።

ይህ እሮሮ ዛሬም በየጐጆው ይሰማል። እሳት በቤት መካከል በሚነድበት አገር ልጅቱ እንጀራ ስትጋግር ይጥላታል፤ ፊቷና እጇ በእሳት ይቃጠላል። ልጁም ከብት ሲያጠጣ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። በአጠገቡ ያሉት ሰዎች ግን አረፋው ይጋባል ብለው ስለሚፈሩ እጃቸውን ሰብስበው ይመለከታሉ። አንዲት ብላቴና ከእሳት የሚያወጣት አጥታ የምትቃጠለው በበሽታው ኃይል ብቻ አይደለም፤ በእኛ ፍርሃት ነው። የሚጥል በሽታ በምራቅም፥ በአረፋም፥ በመንካትም አይተላለፍም። አይጋባም።

ታዲያ ምንድን ነው? አንጐል እጅግ ብዙ በሆኑ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ እነዚህም በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ማሕሌት ሲቆም አስቡት። ቀኙ ያነሣል፥ ግራው ይቀበላል፥ ከበሮውና ጸናጽሉም በተራው ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን ዜማው ያምራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያለ ተራ ቢጮኽ ግን ዜማ መሆኑ ይቀርና ሁከት ይሆናል። በሚጥለው ሰው አንጐል ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ ብዙ ሕዋሳት ያለ ተራ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፥ ሥጋም ይንቀጠቀጣል። ሀንስ በርገር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 የአንጐልን የኤሌክትሪክ ኃይል ከራስ ቅል ውጭ በመሣሪያ ለመቅዳት ቻሉ፤ ሁከቱም ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ ተሥሎ በዐይን ይታያል። ነገሩ የአንጐል ሕመም ነው የሚለው አሳብ ግን አዲስ አይደለም፤ ከልደተ ክርስቶስ 400 ዓመት ያህል አስቀድሞ በሂፖክራጥስ ስም የሚጠሩት የግሪክ ሐኪሞች ጽፈውታል። መጽሐፉ በተጻፈ በ2400 ዓመቱ እኛ ገና እንከራከራለን።

መነሻው ብዙ ነው። ምጥ ጠንቶ ሕፃኑ ሲታፈን፥ ራስ ሲመታ፥ ማጅራት ገትር ወይም ወባ አንጐልን ሲጐዳ በኋላ ሊከተል ይችላል፤ መነሻው የማይገኝለትም አለ። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትና በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጡት ጽሑፍ፥ ከ1000 ሰው መካከል 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ 1000 ነፍስ በሚገኝበት በአንድ ትንሽ አጥቢያ 5 ቤት ይህን ኀዘን ተሸክሟል ማለት ነው። በደጀ ሰላም ስንተያይ የማናያቸው ስለ ሸሸጓቸው ነው።

መድኃኒቱም አለ። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን በ1912 በጀርመን አገር ለዚህ ሕመም እንደሚጠቅም ታወቀ፤ ዋጋው ትንሽ ሲሆን በአገራችን ጤና ጣቢያዎች እስከ ዛሬ ይታዘዛል። ሌሎችም ከዚያ በኋላ ተጨምረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሚገባ የታከሙ ከሆነ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 ያህሉ ሳይጥላቸው ለመኖር ይችላሉ። ነገር ግን ክኒኑ በአንድ ቀን ተቋርጦ የሚጣል አይደለም። የሚወስደው ሰው በድንገት ሲያቆም በሽታው አከታትሎ ይጥለዋል፤ ሳያባራ ሲቀጥልም ሊገድለው ይችላል። ይህን ቃል ለሱባኤ ወደ ጸበል የምትሄዱ ሁሉ፥ ይልቁንም የምትቀበሏቸው አገልጋዮች፥ አደራ በልባችሁ አኑሩት።

ሰው ሲጥለው ብታዩ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ ከራሱ በታች ነጠላችሁን አጥፋችሁ አድርጉለት፤ በጐኑ አስተኙት፤ በአፉ ማንኪያም ጣትም አታግቡ፤ አጥብቃችሁም አትያዙት። ክብሪት እየጫሩ ማሽተት የተለመደ ቢሆንም የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ያቃጥለዋል፥ ያፍነዋል እንጂ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ቤት አድርሱት። ሲነቃም ዐይን ሁሉ ተሰብስቦበት እንዳያፍር ሰዉን በትኑት።

የሚጥላቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ በመንፈስ ጭንቀት ይያዛሉ። ከፊሉ የሚመጣው ከዚያው ከአንጐል ሕመም ነው። የቀረው ግን ከእኛ ነው፤ ከትምህርት ቤት ቀርቶ፥ ለጋብቻ የሚጠይቀው ጠፍቶ፥ በማኅበር ጽዋው ለብቻ ተለይቶ የሚኖር ሰው ባይጨነቅ ነበር የሚያስደንቀው።

የአእምሮ ሕመም ደግሞ በተራው ሥጋን ይጐዳል። በአገራችን ሰው እጅግ ሲያዝን «ልቡ ተሰበረ» እንላለን። በ1990 በጃፓን ያሉ ሐኪሞች ድንገተኛ ኀዘን ወይም ድንጋጤ የደረሰባቸው ሰዎች፥ ይልቁንም በዕድሜ የገፉ ሴቶች፥ የልባቸው ጡንቻ ደክሞ ቅርጹ ተለውጦ መገኘቱን ጽፈዋል። ቅርጹ የባሕር እንስሳ የሚጠመድበትን እንስራ ስለሚመስል በዚያ እንስራ ስም ታኮትሱቦ አሉት። አብዛኞቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይድናሉ፤ የሚሞቱም አሉ። በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ደግሞ የልብ ድካም በድንገት ጥሏቸው የተረፉ 222 ሰዎች ታይተው፥ በመንፈስ ጭንቀት የተያዙት ከሌሎቹ ይልቅ በስድስት ወር ውስጥ ብዙ ሞት እንደ ደረሰባቸው በ1993 ተጽፏል። ስኳር በሽታ ባለባቸውም ዘንድ የመንፈስ ጭንቀት ከሌላው ሰው በእጥፍ ያህል ይበዛል፤ የተጨነቀም ሰው መድኃኒቱን ይረሳል፥ ምግቡን ይተዋል፥ ስኳሩም ይነሣበታል። አንዱ ሕመም ለሌላው በር ከፋች ነው።

የቅዱሳት መጻሕፍት ሰዎች የሰውን አሳብ በልብና በኵላሊት ያኖሩታል። ሐኪሞችም ሰው ሲደነግጥና ሲጨነቅ ደም ውስጥ የሚገቡት ቅመሞች የሚመነጩት በኵላሊት ጫፍ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ትንንሽ እጢዎች መሆኑን ያስተምራሉ። ይህን ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ አላነሣሁትም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። እነዚያ ቅመሞች ለአጭር ጊዜ ሰውን ከአደጋ ያድናሉ፤ ለዓመታት ሲፈስሱ ግን የደም ግፊትን ያነሣሉ፥ እንቅልፍን ይነሣሉ፥ በሽታን የሚከላከለውን ኃይል ያዳክማሉ።

ስለዚህ አንዲት ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ «ራሴን ይፈልጠኛል፥ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፥ ልቤን ያፍነኛል» ስትል ዋሽታ አይደለም። ልጅ ሞቶባት ይሆናል፤ ባልዋ ይደበድባት ይሆናል። ኀዘኑ በሥጋዋ ቋንቋ ይናገራል። የሚጠይቃት ካላገኘች ግን የራስ ምታት ክኒን ይዛ ትመለሳለች።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደ ከበደኝ ነገር ደርሻለሁ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚያው በቡታጅራ አካባቢ፥ የአገራችን ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው 68,000 የሚያህሉ ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው፥ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ታተመ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121 ሰዎች ሞቱ። ይህም ከቀረው የአካባቢው ሕዝብ ሞት በእጥፍ የሚበልጥ ነው፤ የሞቱትም ከሌላው ሰው 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። በምን ሞቱ? ራሳቸውን ያጠፉ አሉ፥ በአደጋና በሰው እጅ የሞቱም አሉ። ግማሽ ያህሎቹ ግን የሞቱት ተላላፊ በሆኑ በሽታዎች ነው።

ይህን ቃል ደግማችሁ አስቡት። «እብድ ነው» የተባለው ሰው ግማሽ ያህል ጊዜ የሞተው ጎረቤቱ ሁሉ በሚታመመው፥ ጎረቤቱ ግን ታክሞ በሚድነው ዐይነት በሽታ ነው። ሲያስለው የሰማ ነበረ፤ ሳሉን ግን ከእብደቱ ቈጠሩበት። ሲከሳ ያየ ነበረ፤ መክሳቱንም ከእብደቱ ቈጠሩበት። «ሆዴን አመመኝ» ሲል «ይቀባጥራል» ተባለ። ሐኪም ቤት ቢደርስ እንኳ ጨርቁን አይተው፥ ንግግሩን ሰምተው፥ ደረቱን ሳያዳምጡ ይሸኙታል። ከሥጋው ሁሉ ጆሮ የራቀበት አእምሮው ስለ ታመመ ነው።

በሰንሰለት የታሰረውም እንዲሁ ነው። የሚያስሩት ቤተ ሰቦች ክፉዎች አይደሉም፤ ወንዝ እንዳይገባ፥ ከገደል እንዳይወድቅ፥ ሰው እንዳይመታ ጨንቋቸው ነው። ነገር ግን ብረቱ እግሩን ይልጠዋል፥ ቍስሉ ያመረቅዛል። ብርድ ይመታዋል። ሰው በሚጠጋጋበት ቦታ ቅማል ይበዛል፥ ቅማልም ግርሻ የሚባለውን ትኵሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። በጨለማ ቤት ከሚያስል ሰው ጋራ የተዘጋበት ሕሙም የሳንባ ነቀርሳ ይይዘዋል። ለአእምሮው ብለው ባሰሩት ጊዜ ሥጋውን አሳልፈው ይሰጡታል።

ስለ ጸበልም የጠራ ነገር ልናገር። ጸበል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በዚያ እፎይታ ያገኘውን ሕዝብ ቈጥሮ የሚጨርሰው የለም። ብቻውን የቀረ ሕሙም በዚያ ሰው ያገኛል፥ የሚጸልይለት ያገኛል፥ በስሙ የሚጠራው ያገኛል፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «ክኒኑን ጥለህ ና» የሚለው ቃል ግን ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገኘ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብሩ፥ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፥ ጸልዩ፥ ለሐኪሙም ስፍራ ስጡ እያለ ያስተምራል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ከከተማው ውጭ ለድኾችና ለሕሙማን ታላቅ ቤት ሠርቶ ሐኪሞችን አኖረበት። በቅርብ ዘመንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪን መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በጸበሉም እንዲጠቀሙ፥ ሁለቱም እንደማይጣሉ በግልጥ ተናግረዋል። ለሳንባና ለደም የተፈቀደው ለአንጐል የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው? አንጐልም ሥጋ ነው።

በሥራ ላይ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት ነው። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ ከምግብ ጋራ ይወሰድ ተብሎ ይታዘዛል። ይህ በጥቂት ምክር የሚፈታ ነው። ጧት ጸበሉን ጠጥቶ ተጠምቆ፥ ከዚያ በኋላ ምግብ ቀምሶ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ሐኪሙና ንስሓ አባቱ ተነጋግረው ይወስኑለታል። ጾምም ቢሆን ሕሙምን አያስገድድም፤ ቤተ ክርስቲያን ለድውይ ስታዝን እንደ ኖረች የማያውቅ ካህን የለም። በአዲስ አበባ የጸበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች በአንድ ስፍራ ተባብረው ሕሙማንን ሲረዱ ታይቷልና፥ በሌላውም ሀገረ ስብከት የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሐኪሞችም ወገን የሚነገር አለ። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ውፍረትን ይጨምራሉ፥ ስኳርንም ያነሣሉ፤ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጡም አሉ። ሕሙሙ ይህን ሲናገር «ሕመሙ ነው የሚያናግረው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ክብደቱን መመዘን፥ ደሙን መመርመር፥ የደም ግፊቱን መለካት ለእርሱም የተገባ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን የቆመ ብቸኛ ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ ሕክምናው ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎችም እየወረደ ስለ ሆነ፥ ሥጋውንና አእምሮውን በአንድ ቤት ማየት ቀሎአል።

ነቢዩ ኤልያስን አስቡት። በካህናተ ጣዖት ፊት ሰማይን በጸሎት የከፈተው ያ ሰው፥ ከዚያ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር መልአክን ላከለት። መልአኩ እምነትህ ጐደለ ብሎ አልገሠጸውም፤ ጋኔን አለብህም አላለውም። እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ ከራስጌው አኖረለት። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና መንገዱ እንደሚርቅበት ነግሮ እንደ ገና አበላው። የ40 ቀን መንገድ የሄደው በዚያ ምግብ ኃይል ነው። እግዚአብሔር በድምፅ ያነጋገረው ከዚህ በኋላ ነበር።

በቤታችሁ ወይም በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሕሙም ካለ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዱት እነዚህን ንገሩ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው፤ ትኵሳት ነበረው ወይ፤ ከዚያ በፊት ራሱን ተመትቶ ያውቃል ወይ፤ ጥሎት ያውቃል ወይ፤ ስንት ሳምንት አስሎታል፤ ምን ያህል ከሳ፤ ሽንት ያበዛል ወይ፤ ምን ይበላል፤ ከየትኛውም ቦታ የተሰጠው መድኃኒት ወይም ሥር ካለ ዕቃውን ይዛችሁ አሳዩ። ጥፍሩን ቈርጣችሁ፥ ልብሱን አጥባችሁ ውሰዱት፤ ሐኪሙም ሰው ነውና በዐይኑ ይፈርዳል። ሲመረመርም አብራችሁ ግቡ፤ እርሱ ራሱ ሊናገር የሚፈልገው ነገር ካለው ግን አታቋርጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።